ዌስተን (ቶሮንቶ)፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ

ዌስተን በካናዳ፣ በቶሮንቶ ሰሜን ምዕራብ፣ በሀምበር ወንዝ ዳር የምትገኝ ሰፈር ናት። በ1881 ዓ.ም. (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) መንደር፣ በ1915 ከተማ ተባለች። ብስክሌትና የበረዶ ሸርተቴ ጫማ የሚሠራው ሲሲኤም ፋብሪካ መለያዋ ነበር፤ ኩባንያው በ1983 ከሠረ።

ከጦርነቱ በኋላ እንደ አሜሪካ ሁሉ እዚህም መኪና የገዛ ቤተሰብ ከመሀል ከተማ ወጥቶ ዳር ዳሩን ሰፈረ። በወንዙ የጎርፍ ሜዳ ላይም ቤት ተሠራ። ኦክቶበር 15 ቀን 1954 ሌሊት ሄዘል የተባለው አውሎ ነፋስ ያመጣው ዝናብ ወንዙን ሞላው። ከዌስተን ማዶ ባለው በሬይሞር ጎዳና የእግረኛ ድልድዩ ባንድ ወገን ተላቀቀና ጎርፉን ወደ ቤቶቹ መለሰው። 14 ቤቶች ከነነዋሪዎቻቸው ተጠርገው ሄዱ፤ በዚያች አጭር ጎዳና ብቻ 35 ሰዎች አለቁ። በመላው የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የሞቱት 81 ነበሩ።

ከዚያ በኋላ መንግሥት በጎርፍ ሜዳ ላይ ቤት መሥራትን ከለከለ፤ መሬቱንም እየገዛ መናፈሻ አደረገው። ከዘመኑ ውሳኔዎች ሁሉ ትልቁን ምስጋና የሚገባው ይህ ነው።

በ1967 ዌስተን ከጎረቤት አስተዳደሯ ከዮርክ ጋር ተቀላቀለች። በዚያው ዓመት ካናዳ ስደተኛን በትውልድ አገሩ ሳይሆን በትምህርቱና በሙያው ነጥብ እየሰጠች መቀበል ጀመረች፤ አሜሪካም በ1965 የትውልድ አገር ኮታን ሽራ ነበር። በእነዚህ ለውጦች ለአፍሪካውያን በሩ ይበልጥ ተከፈተ።

በ1954ቱ ጎርፍ የፈረሰው ድልድይ መሠረት ዛሬም በሬይሞር መናፈሻ ውስጥ ይታያል።