ዋና ኔትወርክ እና የሙከራ ኔትወርክ

ዋና ኔትወርክ ወይም ሜይንኔት የአንድ ብሎክቼይን እውነተኛ መረብ ነው። በላዩ የሚንቀሳቀሰው ሳንቲም በገበያ ዋጋ አለው፤ የተጻፈበት መዝገብም ተመልሶ አይፋቅም። የሙከራ ኔትወርክ ወይም ቴስትኔት ደግሞ በተመሳሳይ ሶፍትዌር የሚሠራ፣ የራሱ መዝገብና ዋጋ የሌለው ሳንቲም ያለው የሶፍትዌር አልሚዎች መለማመጃ ነው። በአንዱ ያለ ሳንቲም ወደ ሌላው አይተላለፍም።

የቢትኮይን ዋና ኔትወርክ ጃንዋሪ 3 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ የሙከራ ኔትወርኩ በ2010 ተከተለ። ነገር ግን ሰዎች የሙከራውን ሳንቲም በገንዘብ መሸጥ ስለጀመሩ በቀጣዩ ዓመት ተሰርዞ እንደ አዲስ ተነሣ። ኢቴሪየም በ2015 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በርካታ የሙከራ ኔትወርኮችን አፈራርቋል። ስማቸው አብዛኛውን ጊዜ የባቡር ጣቢያ ስም ነው፤ ሮፕስተን ከስቶክሆልም፣ ሴፖሊያ ከአቴንስ የተወሰዱ ናቸው።

ለአልሚ ዋናው አደጋ ሁለቱን ማምታታት ነው። በቢትኮይን የቆየው ዓይነት አድራሻ በዋናው ኔትወርክ በ1 ቁጥር፣ በሙከራው በኤም ወይም በኤን ፊደል ስለሚጀምር ልዩነቱ ይታያል። በኢቴሪየም ግን አንድ የግል ቁልፍ በሁለቱም ላይ ያንኑ አድራሻ ይሰጣል፤ የሚለያቸው የሰንሰለት መለያ ቁጥር ብቻ ነው፦ ለዋናው 1፣ ለሴፖሊያ 11155111። በዚህ ምክንያት ለሙከራ የተለየ ቁልፍ መያዝ የተለመደ ነው። በግዴለሽነት የተያዘ የሙከራ ቁልፍ ከተሰረቀ፣ በዋናው ኔትወርክ ያለውን ገንዘብ ይዞ ይሄዳል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ጎልቶ የወጣው በአፕሪል 2021 እ.ኤ.አ. ነው። የካርዳኖ ገንቢ የሆነው ኢንፑት አውትፑት ኩባንያና ትምህርት ሚኒስቴር፣ በ3,500 ትምህርት ቤቶች የሚገኙ 5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት በብሎክቼይን ለማረጋገጥ መስማማታቸውን አስታወቁ። ኩባንያው ቀደም ሲል በ2019 አዲስ አበባ ውስጥ ለሴት አልሚዎች የሃስኬል ፕሮግራሚንግ ሥልጠና ሰጥቶ ነበር።

እንዲህ ባለው ሥርዓት ስህተት ውድ ነው። የአንድ ተማሪ ስምና ውጤት በዋናው ኔትወርክ ላይ በቀጥታ ቢጻፍ የሚያነሳው አይገኝም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ግን ለዳታው ባለቤት ዳታው እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ስለዚህ ሰንሰለቱ ላይ የሚያርፈው ሃሽ የሚባለው የሰነዱ ዲጂታል አሻራ ብቻ እንዲሆን ይደረጋል፤ ሰነዱ ውጭ ይቀመጣል። የሙከራ ኔትወርክም ለማንም ክፍት በመሆኑ፣ እዚያም የእውነተኛ ተማሪ መረጃ ማስገባት ተገቢ አይደለም።

በዋናው ኔትወርክ ለእያንዳንዱ ግብይት ክፍያ የሚፈጸመው በሳንቲም ነው፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ደግሞ በጁን 2022 በእነዚህ ዲጂታል ገንዘቦች መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አሳስቧል። የሙከራ ሳንቲም ግን ፋውሴት ከሚባሉ ድረ ገጾች በነፃ ስለሚገኝ፣ ወላይታ ሶዶ ላይ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያለው ተማሪ ያለ ምንም ወጪ ስማርት ኮንትራት ጽፎ መሞከር ይችላል። የማያሳየው ነገርም አለ፤ ተጠቃሚ ሲበዛ የሚንረውን ክፍያና ገንዘብ ፈልጎ የሚመጣን አጥቂ እዚያ አያገኛቸውም።