የእድር ገንዘብና የማኅበራት ሕግ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ እንዳለችው ሐሙሲት ባሉ ከተሞች፣ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው እድር ነው። ዳኛው ስብሰባ ይመራል፣ ጸሐፊው መዝገብ ይይዛል፣ ገንዘብ ያዡ ወርሃዊ መዋጮ ይሰበስባል። ድንኳኑና ድስቱ የጋራ ንብረት ናቸው። ትልቁ ጥበብ የሥራ ክፍፍሉ ነው፤ ገንዘቡን የሚይዝ ሰው መዝገቡን አይጽፍም፣ አባላቱም ገቢና ወጪውን በስብሰባ ይሰማሉ።

በመንግሥት ሕግ በኩል ደግሞ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለማኅበራት ጠቅላላ ጉባኤና ሥራ አመራር ቦርድ ደነገገ። አዋጅ 621/2001 የሰብአዊ መብት ሥራን ከውጭ የሚያገኙት ገቢ ከ10 በመቶ ላልበለጠ ድርጅቶች ብቻ በመፍቀዱ ብዙዎችን ክፉኛ አዳከመ፤ እድርና እቁብን ግን አልነካም። አዋጅ 1113/2011 ይህን ገደብ አነሳ፣ የአስተዳደር ወጪንም በ20 በመቶ ወሰነ።