የማን ቤት እርሾ ነው?

ነገሩ የሆነው በጥቅምት 2000 ዓ.ም. ነው። ከጎንደር ተነስተን፣ አይከልን አልፈን፣ ወደ መተማ ዮሐንስ ስንወርድ ኮኪት ላይ ምሳ ሰዓት ደረሰ። አብሮኝ የነበረው ለንደን ያደገ የእህቴ ልጅ ነው፤ አፄ ዮሐንስ የወደቁበትን አገር ላሳየው ነበር የወሰድኩት። የሰሊጥ አጨዳ ወቅት ስለነበር ከተማዋ በቀን ሠራተኛ ተጨናንቃለች፤ ሙቀቱ ፊት ይጋረፋል። እኛም ጥላ ፍለጋ ጠላ ቤት ገባን።

ይህ ልጅ እንደ ብዙ የእንግሊዝ አገር ጎረምሳ ቢራ በቤቱ የመጥመቅ ልክፍት አለበት። የቀረበለትን የማሽላ ጠላ አንድ ሁለቴ ተጎንጭቶ፣ ባለቤቷን “እማማ፣ ምን ዓይነት እርሾ ነው የሚጠቀሙት?” አላቸው።

“እርሾ ለእንጀራ ነው ልጄ” አሉ ሴትዮዋ። “ጠላማ ጌሾ አለው፣ ብቅል አለው፣ ጋን አለው።”

ልጁም ቦርሳውን በርብሮ አንዲት ትንሽ እሽግ አወጣ። “ይኼ የእንግሊዝ ጠላ እርሾ ነው” ብሎ ሰጣቸው። እሳቸው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና “የማን ቤት ነው?” ሲሉ ጠየቁት።

ያን ጊዜ ሳቅሁ። እኔ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ እሳቸው ጠላ ሻጭ! ፋብሪካ ያሸገውን ነገር “የማን ቤት” ብሎ መጠየቅ የአገር ቤት የዋህነት መሰለኝ። የዋሁ እኔ መሆኔ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

እርሾ ማለት እንግዲህ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ስኳሩን በልቶ አልኮልና አረፋ ያወጣል። የዳቦ እርሾና የጠላ እርሾ በሳይንሳዊ ስማቸው አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ሳካሮማይሲስ ሰርቪዚዬ ይባላሉ። ዳሩ ግን የበግ ጠባቂም የአደን ውሻም ያው ውሻ ነው፤ ልዩነቱ የማን ቤት አደገ፣ ለምን ሥራ ተመረጠ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 “ሴል” በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የ157 እርሾዎችን የዘር መረጃ አነጻጽሮ፣ የዛሬዎቹ የቢራ እርሾዎች ከጥቂት የዘር ግንዶች የወጡና በጠማቂዎች እጅ ለብዙ ዘመን እንደ ከብት የተላመዱ መሆናቸውን አሳይቷል። የእንግሊዞቹም የራሳቸው ቅርንጫፍ አላቸው። ያላመዷቸው ሰዎች ግን እርሾ ሕይወት እንዳለው እንኳ አያውቁም ነበር። የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከጥሩው ጥንስስ ላይ አረፋውን ገፍፎ ለቀጣዩ ማስቀመጥ፣ የተበላሸ ቀን ደግሞ ከጎረቤት መበደር። ቤትህ እንጀራ የሚጋገር ከሆነ ይህን ከእናትህ ታውቀዋለህ።

እ.ኤ.አ. በ1871 ሉዊ ፓስተር ለንደን መጥቶ ዊትብሬድ የተባለውን ትልቅ የቢራ ፋብሪካ ጎበኘ። እርሾውን በማይክሮስኮፕ አየና ንጹሕ አለመሆኑን፣ ሌላ ተሕዋስ እንደተቀላቀለበት ነገራቸው። ሳምንት ሳይሞላ ጠማቂዎቹ የራሳቸውን ማይክሮስኮፕ ገዙ። በ1883 ደግሞ የካርልስበርጉ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን አንዲትን የእርሾ ሕዋስ ለብቻዋ ነጥሎ አራባና በእሷ ቢራ ተጠመቀ። የዛሬው የዓለም ቢራ ፋብሪካ አብዛኛው በዚህ መንገድ ይሄዳል። የኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1915 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ዳሽንም በጎንደር በ1992 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ የመጡት ይኸው መንገድ ከተጠረገ በኋላ ነው።

እንግሊዞች ግን ወዲያው እሺ አላሉም። ብዙዎቹ የቤታቸውን ድብልቅ እርሾ ይዘው ቆዩ። በ1904 የካርልስበርጉ ክላውሰን ከእንግሊዝ ቢራ ውስጥ ሌላ ዓይነት እርሾ አግኝቶ “ብሬታኖማይሲስ” አለው፤ የብሪታንያ ፈንገስ ማለት ነው። ለሌላው ብልሽት የሆነው ለቆየው የእንግሊዝ ቢራ ጣዕሙ ነበር። ታዲያ እንግሊዛዊው ጠማቂ እርሾውን “የማን ቤት ነው?” ብትለው አይስቅብህም። የቢራ ቤቱን ስም ጠርቶ ይነግርሃል።

ፋብሪካዎቹ አንዱ አንዱን እየዋጠ ብዙዎቹ ሲዘጉ፣ እርሾዎቻቸው ሁሉ አልጠፉም። ኖርዊች ከተማ ውስጥ ብሔራዊ የእርሾ ማከማቻ አለ። በ1963 መንግሥት በቤት የመጥመቅን ፈቃድና ክፍያ ካስቀረ በኋላ ደግሞ ተራው ሰው ገባበት። አንዱ ቶሎ የሚጠልለውን እርሾ ይመርጣል፣ ሌላው ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚሸተውን፣ ሦስተኛው ስኳሩን አሟጦ የሚበላውን። የእህቴ ልጅ እንደነገረኝ፣ የወደደው ቢራ ጠርሙስ ሥር ዝቃጭ ካለ አይደፋውም። የብቅል ውሃ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ዝቃጩን ይጨምርበታል። ሲነሳለት ወደሚበልጥ ዕቃ ያዛውረዋል፤ እንዲህ እያለ ለአንድ ጥምቅ የሚበቃ እርሾ ያራባል። ባጭሩ እኛ ለከብት የምንሰጠውን አተላ እነሱ ዘር ያደርጉታል!

ወደ ኮኪት ልመለስ። ልጁ እሽጉን ለሴትዮዋ ትቶላቸው ነበርና፣ ከሁለት ቀን በኋላ ከመተማ ዮሐንስ ስንመለስ በአንድ ገንቦ ሞክረውት አገኘናቸው። “አረፋው ሲያምር ልነግርህ አልችልም” አሉ። “ጠላው ግን ራስ ይመታል።” እውነታቸውን ነው። የእንግሊዝ እርሾ ደስ የሚለው 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚያ ቆላ ሙቀት ሲቻኮል ራስ የሚያሳምም ከባድ አልኮል ያወጣል። ደጋ ያደገን በሬ ቆላ አውርደህ እረስ እንደማለት ነው።

ያን ቀን ሌላም ነገር አጫወቱኝ። ከደጋ ሲወርዱ ይዘውት የመጡት የእናታቸው ጋን መንገድ ላይ ተሰነጠቀ። አሁን የሚጠምቁት በፕላስቲክ በርሜል ነው፤ ለአጨዳ ሰሞን ደግሞ የዳቦ እርሾ ጣል ያደርጉበታል። “ምን ላድርግ መምህር? ሠራተኛው ገንዘቡን ይዞ ሲመጣ ‘ከነገ ወዲያ ተመለስ’ አይባል!” ቀጥለውም፣ “እሱ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ይሞታል። የእናቴ ጋን ግን ራሱ ያውቅ ነበር” አሉኝ።

ጋን ያውቃል እንዴ? አዎ፣ ያውቃል። ጋን በግራዋ ታሽቶ ታጥቦ በወይራ ሲታጠን እንግዳውና ጎጂው ተሕዋስ ይመነምናል። በገሉ ቀዳዳ ተሸሽጎ የተረፈው፣ ከጌሾውና ከብቅሉ ጋር የመጣው ደግሞ ለጥንስሱ ዘር ይሆናል። ከአንድ ቤት ጋን ለዓመታት የሚቀዳ ጠላ ቢለዋወጥም ያ ቤት ያ ቤት የሚለው ለዚህ ነው። በጎንደር በቅማንት ማኅበረሰብ ዘንድ የሚታወቀው ኮረፌ ደግሞ ከዚህም ይራቀቃል። የተፈተገ ገብስ በውሃ አድሮ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ከውሃና ከጌሾ ቅጠል ጋር በሸክላ ለሁለትና ሦስት ወር ይቀመጣል። መጠጡ ሲፈለግ ከዚያ ጥቂት ተወስዶ ውሃ ይጨመርበትና በማግስቱ ይደርሳል። እርሾን አኑሮ፣ ጠብቆ፣ በሚፈለግበት ቀን መቀስቀስ ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

ይህን ሁሉ ያኖሩት ሴቶች ናቸው። በእንግሊዝም እንዲሁ ነበር። ጁዲት ቤኔት የተባለች የታሪክ ምሁር በ1996 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በ1300 አካባቢ ጠመቃ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ እንደነበረና በ1600 ወደ ወንዶች እጅ እንደገባ ታሳያለች። ሆፕስ የተባለው የእነሱ ጌሾ ከባሕር ማዶ መጥቶ ቢራው ሳይበላሽ የሚቆይ ሲሆን ትልቅ ዕቃና ትልቅ ገንዘብ ያለው ገበያውን ወሰደው። የተረፈችው ሴት መሳለቂያ ሆነች። እኔ ራሴ ክፍል ውስጥ የጆን ስኬልተንን ግጥም ሳስተምር፣ በጠማቂዋ በኤሊኖር ራሚንግና በዶሮዎቿ ተማሪዎቼን አስቄአለሁ። ኮኪት ላይ የሳቅሁት ያንኑ ሳቅ ሳይሆን አይቀርም።

ከኮኪት ወዲያ፣ ከድንበሩ ማዶ ያለውን ደግሞ እዩ። ሱዳን የማሽላ መጠጥ አላት፣ መሪሳ። አሠራሩ የረቀቀ ነው፤ ባለሙያዎቹም ሴቶች ናቸው። በ1983 የኒሜሪ መንግሥት አልኮልን በሕግ ሲከለክል መሪሳም አብሮ ተከለከለ። ሐሚድ ዲራር የተባለው ሱዳናዊ ሳይንቲስት ግን ዕውቀቱን ከእናቶች አፍ ሰብስቦ፣ በ1993 ስለ ሱዳን የፈሉ ምግቦች አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ሕግ የዘጋውን በር መጽሐፍ ይዞ ቆመ ማለት ነው።

እኛን ማንም አልከለከለንም። እኛ ዘንድ ጋኑን የሚሰብረው ጥድፊያ ነው፤ ንቀትም አለበት። የሰብል ዘራችንን የሚያስቀምጥ ተቋም ካቋቋምን እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ይቆጠራል፤ ዛሬ ደቂቅ ዘአካላትንም ይሰበስባል፤ ደግ ነው። ነገር ግን ቤተ ሙከራ ሕዋሱን እንጂ እጅን አያቀዘቅዝም። የትኛው ጥንስስ እንደ ቀና በሽታው የምታውቅ ሴት “ጠላ ሻጭ” ተብላ ስትታለፍ፣ የሚጠፋው መጠጥ ብቻ አይደለም፤ የብዙ ትውልድ ምርጫ ነው።

ጋን በጠጠር ይደገፋል ይላሉ አበው። ጠጠሯ ግን ዓይን የማያያት ነገር ናት፤ እሷን የሚያውቋት ደግሞ እናቶች ናቸው። እኔ የእናቴ ጋን የት እንደ ደረሰ አላውቅም። ቤቱ ሲለቀቅ ማን እንደ ወሰደው አልጠየቅሁም፤ አሮጌ ገል መስሎኝ ነበር። ዛሬ አንድ ሰው ጠላ ቀድቶልኝ “የማን ቤት እርሾ ነው?” ብዬ ብጠይቀው እንደ ቀልድ አይውሰድብኝ።