ተግባቦት

«ተግባቦት» የ«ኮሙኒኬሽን» ምትክ ሆኖ ተለምዷል፤ ይዘቱ ግን ይበልጣል። ግንዱ «ገባ» ነው፤ ነገሩ ሲገለጥልን «ገባኝ» እንላለን። «ተግባባ» ሲሆን ሁለት ወገን ይፈልጋል። «ብቻዬን ተግባባሁ» የሚል አማርኛ የለም።

የቤል ስልክ ላቦራቶሪው ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው የኮሙኒኬሽን ሞዴል ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል፦ ምንጭ፣ አስተላላፊ፣ መስመር፣ ተቀባይ፣ መድረሻ፤ መሐል ላይ ረብሻ። ለስልክ ሽቦ ይበቃል፤ ሰውየውም ቢሆን የትርጉምን ጉዳይ ከመሐንዲስ ሥራ ውጭ አድርጎታል። በ1954 የኮሙኒኬሽን ምሁሩ ዊልበር ሽራም ግብረ መልስን አስገብቶ ሞዴሉን ክብ አደረገው።

አዳማ አጠገብ ወዳለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እንምጣ። ዝናብ ለሚያጥርበት አካባቢ የወጣውን «መልካሳ-2» በቆሎ በሻነን መንገድ ብንልከው ምንጩ ተመራማሪ፣ መስመሩ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ መድረሻው ገበሬ ይሆናል። በቦሎቄ ግን ገበሬዎች ራሳቸው ማሳ ገብተው ዝርያ እንዲመርጡ ተደርጓል። ተመራማሪው ኩንታል በሄክታር ሲያሰላ ገበሬው የፍሬውን ቀለም፣ ድስት ላይ የሚፈጀውን ጊዜ፣ የገበያውን ዋጋ ያያል። ተግባቦት ይኸኛው ነው። አንድ ወገን ብቻ ተናግሮ የተበተነውን ስብሰባ «ገለጻ» እንበለው።