ኮፍያው የተሸነሸነለት ፈረሰኛ

ካውቦይን የምናውቀው ከቪዲዮ ቤት ነው። ሰውየው ነጭ ነው፣ ኮፍያው ሰፊ ነው፣ ሽጉጡ አይስትም። ‹ቀይ ህንዶች› እያልን የምንጠራቸው ደግሞ ከኮረብታ ጀርባ እየጮሁ ይመጡና በጅምላ ይወድቃሉ። ጥቁር ካውቦይ ያየንበት ፊልም ካለ በጣት የሚቆጠር ነው። ታዲያ ፊልሙ የደበቀብን ሰው ሁሉ በየዓመቱ በፈረስ ተሰልፎ የሚያልፍባት አንዲት የአሜሪካ ትንሽ ከተማ አለች። ሰልፍ ላይ መታየትና ፍትህ ማግኘት አንድ ነገር ነው ወይ? የእኛ ጥያቄ እሱ ነው።

ከተማዋ ፔንድልተን ትባላለች፤ ያለችው በምስራቅ ኦሪገን፣ ስንዴና ከብት በሚበዛበት አገር ነው። ነዋሪዎቿ አስራ ሰባት ሺህ ያህል ናቸው። ‹ራውንድ አፕ› የሚባለው ሮዲዮዋ፣ ማለትም ያልተገራ ፈረስ ላይ ሳይወድቁ የመቆየት፣ ጥጃ በገመድ የመጥለፍና ኮርማ የመጋለብ ውድድር፣ የተጀመረው በ1910 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን)። ከዚያ ወዲህ የቀረው በ1942 እና በ1943 በጦርነቱ፣ በ2020 ደግሞ በኮሮና ምክንያት ብቻ ነው።

በሮዲዮው ሳምንት አርብ ጠዋት ትልቁ ሰልፍ ይወጣል። ሞተር ያለው ነገር አይገባበትም። ፈረስ፣ በቅሎ፣ በሬ የሚጎትተው ሸራ የለበሰ ጋሪ፣ የድሮ ሠረገላ፣ በእግሩ የሚሄድ ማርሽ ባንድ... (ፋንድያውን እናንተው ገምቱት።) የሰልፉ ስም ‹ዌስትዋርድ ሆ› ነው፤ ‹ወደ ምዕራብ!› እንደ ማለት። ይህ የሰፋሪዎች ጥሪ ነው። ጥሪው ሲሰማ ምዕራብ የነበሩት ሰዎች ግን እዚያው ሰልፍ ውስጥ፣ በዶቃና በላባ አጊጠው፣ በራሳቸው ፈረስ ላይ ተቀምጠው ያልፋሉ።

እነዚህ የካዩስ፣ የዩማቲላና የዋላ ዋላ ሕዝቦች ናቸው። በ1855 በተፈረመ ውል 6.4 ሚሊዮን ኤከር መሬት ለአሜሪካ መንግሥት ለቀው በዩማቲላ ክልል ተወሰኑ። ካዩሶች ፈረስ አርቢዎች ነበሩ፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ካውቦይ ትንሽ ፈረሱን ‹ካዩስ› ብሎ የሚጠራው ከእነሱ ስም ወስዶ ነው። እንግዲህ የፈረሱን ስም ሳይቀር የሰጡት ‹ተጋባዥ› ተባሉ ማለት ነው። ጋባዡ ከራውንድ አፕ መሥራቾች አንዱ የሆነው ሮይ ሬሊ ነበር።

ለምን እሺ አሉ? ‹ለትርኢት ተሸጡ› ብሎ መፍረድ ይቀላል፤ እኛ ግን አንፈርድም። በዚያ ዘመን መንግሥት ባህላዊ ጭፈራቸውንና ሥርዓታቸውን በደንብ ከልክሎ ነበር። ሮዲዮው ደግሞ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከበሯቸውን መትተው በአደባባይ እንዲታዩ ይፈልጋቸዋል። ያገኙትን በር ተጠቀሙበት። እስከ ዛሬም በሮዲዮው ሳምንት ከሜዳው አጠገብ ቲፒ የሚባሉ ሾጣጣ ድንኳኖቻቸው በመቶዎች ይተከላሉ።

አሁን ወደ 1911 እንምጣ። ባልተገራ ፈረስ ውድድር ለፍጻሜ የቀሩት ሦስት ናቸው፦ ነጩ ጆን ስፔይን፣ ጥቁሩ ጆርጅ ፍሌቸር፣ የኔዝ ፐርስ ተወላጁ ጃክሰን ሰንዳውን። የኦሪገን ሕገ መንግሥት ጥቁር ሰው በግዛቱ እንዳይሰፍር የሚከለክል አንቀጽ በዚያን ጊዜ ነበረው፤ በሥራ ባይውልም እስከ 1926 ድረስ አልተሰረዘም። ፍሌቸር ያደገው በዚሁ ግዛት ነው፤ ፈረስ የተማረውም በዩማቲላ ክልል ከነባር ሕዝቦች ጋር ውሎ ነው።

ፍሌቸር ጋለበ፤ ሕዝቡ አበደ። ዳኞቹ ግን ለስፔይን ፈረዱ። ሁለተኛ ፍሌቸር፣ ሦስተኛ ሰንዳውን። ተመልካቹ ሲያጉረመርም የወረዳው ሸሪፍ ቲል ቴይለር የፍሌቸርን ኮፍያ ተቀብሎ በጣጠሰውና ቁራጮቹን ለሕዝቡ ሸጠ፤ ገንዘቡን ለፍሌቸር ሰጠው። ደግ ሥራ ነው፣ አንክድም። ግን ልብ በሉ፤ የተቆረጠው የፍሌቸር ኮፍያ እንጂ የዳኞቹ ውሳኔ አይደለም። ሕዝቡ ከኪሱ አውጥቶ ካሰው፣ መዝገቡ እንደነበረ ቀረ።

ፍሌቸር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ ቆሰለ፤ የውድድር ሕይወቱም በዚያው አበቃ። ሸሪፉ በ1920 ከእስር ቤት ለማምለጥ በሞከሩ እስረኞች ተገደለ። ከተማው በ1929 በፈረስ የተቀመጠ የነሐስ ሐውልት አቆመለት። (በዚያው ዓመት ቦኒ ማካሮል የምትባል ጋላቢ በፔንድልተን ሜዳ ከፈረስ ወድቃ ሕይወቷ አለፈ፤ የሴቶች ያልተገራ ፈረስ ውድድርም ከዚያ በኋላ ቀረ። ስለ ሴቶቹ ሌላ ጊዜ እንመለሳለን።) ፍሌቸር የራውንድ አፕ የክብር መዝገብ ላይ የሰፈረው በ1969 ነው። በሕይወት ነበር፤ የሞተው በ1973 ነው። የእሱ ሐውልት በፔንድልተን ዋና መንገድ ላይ የቆመው ግን በ2014 ነው።

ሰንዳውንስ? እሱ በ1877 የአሜሪካ ጦር ኔዝ ፐርሶችን ሲያሳድድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ከጦሩ አምልጦ ካናዳ ገብቷል። ከ1911 በኋላ ዕድሜውም ስለገፋ ውድድሩን ሊተው አስቦ ነበር። ኋላ የሸሪፉን ሐውልት የሠራው ቀራፂ ፊሚስተር ፕሮክተር ያን ጊዜ የሰንዳውንን ምስል እየቀረጸ ነበርና አንድ ጊዜ ብቻ ሞክር ብሎ ገፋፋው። በ1916፣ በ53 ዓመቱ፣ ከልጆቹ እኩያ ጋር ተወዳድሮ አሸነፈ። ሽልማቱ ኮርቻ ነበር። ምን ስም ይቀረጽበት ቢሉት የሚስቱን አስጻፈ ይባላል።