የአራዊት ፊልም እንደ ታሪክ ምስክር

የታሪክ ተማሪ ማስረጃውን ከብራና፥ ከደብዳቤና ከሽማግሌ ቃል ይሰበስባል። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ግን ሌላ ምስክር ተጨምሯል፤ ይኸውም ስለ አራዊትና ስለ ተፈጥሮ በተከታታይ የሚቀርበው የቴሌቪዥን ፊልም ነው። ይህ ምስክር ምን ያህል ይታመናል? የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄውን በእንግሊዙ ድርጅት በቢቢሲ ሥራዎች መመርመር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ዘመን አውሬን የመያዝ ዘመን ነበር ማለት ይቻላል። «ዙ ክዌስት» የተባለው ዝግጅት በ1954 መጨረሻ ሲጀመር የጉዞው ዓላማ ከሴራሊዮን አራዊትን ይዞ ወደ ለንደን የአራዊት ማቆያ ማምጣት ነበር። አቅራቢ እንዲሆን የታሰበው የማቆያው ባልደረባ ጃክ ሌስተር ስለ ታመመ ወጣቱ አዘጋጅ ዴቪድ አተንቦሮ በቦታው ተተካ። እንግዲህ በጥቁርና ነጭ ሥዕል የታየው አውሬው ብቻ ሳይሆን አያያዙም ጭምር ነው፤ በዚያን ጊዜም ይህ እንደ ነውር አይቆጠርም ነበር።

ከዚያ በኋላ አስተያየቱ ተለወጠ። ድርጅቱ በ1957 በብሪስቶል ከተማ የተፈጥሮ ታሪክ ክፍል አቋቋመ። በ1979 የታየው ባለ 13 ክፍሉ «ላይፍ ኦን ኧርዝ» አውሬውን በገዛ አገሩ እንዳለ ለማሳየት ተነሣ። በ1978 መጀመሪያ አተንቦሮ በሩዋንዳ ተራራ ላይ በጎሪላዎች መካከል ተቀመጠ፤ ጥቂት ቀደም ብሎም ዲጂት የተባለው ጎሪላ በዚያው ተራራ በአዳኞች ተገድሎ ነበር። ስለዚህ ሥዕሉ ደስታን ብቻ ሳይሆን የመጥፋትን ሥጋትም ይዞ መጣ።

ይሁን እንጂ ካሜራ ያየውን ቢናገርም የቆመበትን ቦታ ሁልጊዜ አይናገርም። በ2011 በቀረበው «ፍሮዝን ፕላኔት» የዋልታ ድብ ግልገሎች ሲወለዱ የታየው ሥዕል የተነሣው በበረዶው ምድር ሳይሆን በአውሮፓ የአራዊት ማቆያ ነበር። አዘጋጆቹ በዱር ዋሻ ካሜራ ማስገባት ለግልገሎቹ አደገኛ ነው፥ ነገሩንም በኢንተርኔት ገጻችን ገልጸናል ብለው መለሱ። ምክንያቱ ተቀባይነት ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን በዝግጅቱ ውስጥ ስላልተነገረ ተመልካቹ የተወለዱት በዱር ነው ብሎ አምኗል።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። በ2006 የወጣው «ፕላኔት ኧርዝ» ስለ ተራሮች በሚናገረው ክፍል ኤርታ አሌን፥ የሰሜን ተራራን ጭላዳና ዋልያም ለዓለም አሳይቷል። ሣር የሚግጠው ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በዱር ስለማይገኝ ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ነገር ግን ዝግጅቱ በጠቅላላው ሰውን ከሥዕሉ የማራቅ ልማድ ነበረው። በ1978 የዓለም ቅርስ ተብሎ በተመዘገበው በዚህ ፓርክ ውስጥ ግን ገብስ የሚያርስና ከብት የሚያረባ ሕዝብ ይኖር ነበር፤ የግጭ መንደር ነዋሪዎችም እስከ 2016 ድረስ ከፓርኩ ወጥተው በሌላ ስፍራ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ከመቶ ዓመት በኋላ ፊልሙን ብቻ የሚያገኝ ታሪክ ጸሐፊ ተራራው ሰው ኖሮበት አያውቅም ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ከዚህ የምንረዳው ፊልሙ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም። ለተጠየቀው ጥያቄ ታማኝ ምስክር ነው፤ ላልተጠየቀው ግን ዝም ይላል። ስለዚህ ሥዕሉን የሚመረምር ሁሉ፥ ማን አነሣው? የት ቆሞ? ከሥዕሉ ውጭ የቀረው ማን ነው? ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ የሚሰጡት ከግጭ የወጡት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ቃላቸው በሕይወት ሳሉ ካልተጻፈ ግን የሚቀረው ምስክር ጭላዳው ብቻ ይሆናል።