በግራንድ ፕሬሪና በአካባቢው የእጅ ሥራ ታሪክ

ግራንድ ፕሬሪ በሰሜን ቴክሳስ፣ ከዳላስ በስተ ምዕራብ፣ ከፎርት ወርዝ በስተ ምሥራቅ የምትገኝ ከተማ ናት። ዛሬ በሁለቱ ትልልቅ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ ሁሉ ቤት በቤት ሆኖ የአንዱን ማብቂያ ከሌላው መጀመሪያ መለየት ያስቸግራል እንጂ፣ መነሻዋ ባዶ የሣር ሜዳ ነበር። አሌክሳንደር ዴክማን የተባለ ሰው በ1863 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሰበረ ጋሪውን፣ በሬዎቹንና 200 የኮንፌዴሬሽን (የደቡቡ አማፂ መንግሥት) ዶላር ሰጥቶ 239 ኤከር መሬት እንዳገኘ ይነገራል። ባቡር በ1876 ደረሰ፤ በ1909 ሥፍራው በሕግ ከተማ ተባለ። እንዲያም ሆኖ እስከ 1940 ድረስ ነዋሪው 1,595 ብቻ ነበር። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 196,100 ደርሷል።

የዚህ አካባቢ የእጅ ሥራ ታሪክ የታላላቅ ባለሙያዎች ታሪክ አይደለም። ብርድ ልብስ፣ ኮርቻና ቀሚስ በግድ ይሠሩ የነበሩ እጆች ከጊዜ በኋላ ለደስታ ብለው እንዴት እንደሠሩ፣ ነጋዴውም ያንን ደስታ እንዴት በሣጥን አሽጎ እንደሸጠው የሚያሳይ ታሪክ ነው። በዚህ በኩል አካባቢው ከሌላው የአሜሪካ ክፍል የተለየ ድርሻ አለው፤ በትርፍ ጊዜ የእጅ ሥራ ንግድ ስማቸው በመላ አገሪቱ የታወቀ ሁለት ድርጅቶች የተወለዱት ከግራንድ ፕሬሪ ግራና ቀኝ ነውና።

የመጀመሪያዎቹ ሠፋሪዎች ጥጥ አብቃይ ገበሬዎች ነበሩ። የሰሜን ቴክሳስ ክረምት አጭር ቢሆንም ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብርዱን ያከብደዋል፤ በሳንቃ ቤት ለሚኖር ቤተሰብ ወፍራም ብርድ ልብስ የግድ ነበር። ሴቶቹ ያረጀ ሸሚዝና ቀሚስ እየቆረጡ፣ ቁርጥራጩን በሦስት ማዕዘንና በአራት ማዕዘን እየገጣጠሙ ኩዊልት የሚባለውን ብርድ ልብስ ይሠሩ ነበር። ኩዊልት ሦስት ድርብ ነው፤ ከላይ የተገጣጠመው ጨርቅ፣ ከመሃል የተባዘተ ጥጥ፣ ከታች ገበር። ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ በአራት ጣውላ ማዕቀፍ ላይ ይወጠሩና ከዳር እስከ ዳር በትንንሽ ስፌት ይያያዛሉ። ቤቱ ጠባብ ከሆነ ማዕቀፉ በገመድ ከጣሪያ ይንጠለጠላል፤ ማታ ወደ ላይ ይሳባል፣ ቀን ጎረቤቶች ሲሰበሰቡ ወደ ጉልበት ቁመት ይወርዳል። ስድስትና ስምንት ሴቶች ዙሪያውን ተቀምጠው ሲሰፉ የሚውሉበት ቀን ሥራም ጨዋታም ነበር፤ በኢትዮጵያ ገጠር ሴቶች ቡና አፍልተው ጥጥ ሲፈትሉ ከሚውሉበት ጋር ይመሳሰላል።

በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ጨርቅ መግዛት ለብዙ ገበሬ የማይታሰብ ሆነ። ዱቄትና የዶሮ መኖ ግን የሚሸጠው በጥጥ ከረጢት ነበር። ከ100 ፓውንድ ከረጢት አንድ ያርድ ያህል ጨርቅ ይገኛል። ወፍጮ ቤቶቹ ሴቶች ከረጢቱን ፈትተው ልብስ እንደሚሰፉበት ሲያዩ፣ በውኃ የሚለቅ ጽሑፍና በአበባ ያጌጠ ከረጢት ማውጣት ጀመሩ። ባል ዱቄት ሊገዛ ሲሄድ ሚስት የትኛውን አበባ ይዞ መምጣት እንዳለበት አደራ ትለው ነበር፤ ቀሚሱ የሚያልቀው ተመሳሳይ ሦስት ከረጢት ሲገኝ ነዋ። በፎርት ወርዝ አጠገብ ያለው የበረስ ወፍጮ ደግሞ በ1931 የሙዚቃ ቡድን አቋቁሞ ዱቄቱን በሬዲዮ በዘፈን ያስተዋውቅ ነበር። ቡድኑን ይመራ የነበረው የወፍጮው ሰው ሊ ኦዳንየል በዚያው ዝና ተነሥቶ በ1939 የቴክሳስ ገዥ ሆነ፤ ዱቄት በቴክሳስ ቀልድ አልነበረም።

የድህነቱን ስፌት ያቆመው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ኖርዝ አሜሪካን አቪዬሽን በ1941 በግራንድ ፕሬሪ ጫፍ፣ ከሄንስሊ አውሮፕላን ማረፊያ ጎን፣ ትልቅ የአውሮፕላን ፋብሪካ ከፈተ። ቴክሳን የተባለውን ማሠልጠኛ፣ ከዚያም ሙስታንግ የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ሠራ። መርፌ ይዘው የኖሩ ሴቶች በሺዎች ተቀጥረው ሽቦ ማገናኘትና የአውሮፕላን ቆርቆሮ መግጠም ያዙ። በ1950 የከተማዋ ነዋሪ ወደ 14,594 አደገ። ደመወዝ ያላት ሴት ብርድ ልብስ ከሱቅ ትገዛለች፤ ዱቄቱም በወረቀት ከረጢት መሸጥ ጀመረ። ከዚህ በኋላ ኩዊልት የሰፋች ሴት የሰፋችው ፈልጋ ነው። በእጅ ሥራ ታሪክ ውስጥ ይህ ለውጥ ትልቅ ነው፤ ግድ ሲቀር ብዙው ሙያ ይሞታል፣ የሚተርፈው ደግሞ ደስ የሚለው ክፍል ብቻ ይሆናል።

የዚህ ታሪክ ሁለተኛ መሥመር፣ የቆዳ ሥራው፣ ከፎርት ወርዝ ይነሣል። ከተማዋ ከ1860ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ ካንሳስ የሚነዱ የቀንድ ከብቶች ማለፊያ ነበረች፤ ኋላም የከብት ገበያና የቄራ ከተማ ሆነች። ኮርቻ ሠሪውና ጫማ ሰፊው በዚያ አልጠፋም። በ1919 ኖርተን ሂንክሊና ዴቭ ታንዲ ለጫማ ሰፊዎች ሶላና ዕቃ የሚያቀርብ የቆዳ መደብር ከፈቱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጫማ በራሽን ሲሆን ንግዱ ተጨነቀ። የዴቭ ልጅ ቻርልስ ግን በባሕር ኃይል ሲያገለግል አንድ ነገር ልብ ብሎ ነበር፤ በወታደር ሆስፒታሎች ቁስለኞች እጃቸውና ልባቸው እንዲጠገን የቆዳ ሥራ ይማሩ ነበር። ከጦርነቱ ሲመለስ ንግዱን ከጫማ ሰፊው ወደ ትርፍ ጊዜ ሠራተኛው አዞረው። በ1950 የቆዳ ሥራ ብቻ የሚሸጡ ሱቆች በኤል ፓሶና በሳን አንቶኒዮ ተከፈቱ፤ ሂንክሊም ሶላውን ይዞ ተለየ።

ታንዲ የሸጠው ዋና ነገር የተቆረጠ፣ የተበሳና ለመሥራት የተዘጋጀ ቆዳ ነበር። ሣጥኑ ውስጥ የኪስ ቦርሳው ቆዳ፣ ማሠሪያው ጠፍር፣ መርፌውና የሥዕሉ ንድፍ አብረው አሉ። ገዢው ቆዳ ማልፋትም ሆነ መቅደድ አይጠበቅበትም። የሚቀረው ሥራ ግን እውነተኛ ሥራ ነው። በዕፅ ቅርፊት የተለፋው ቆዳ በስፖንጅ ይረጥባል፤ ውኃው ሰርጎ መልኩ ወደ ቀድሞው ሊመለስ ሲል ነው ጊዜው። ቶሎ የጀመረ ሰው ጭቃ ላይ እንደሚያትም ይሆንበታል፣ የዘገየ ደግሞ ምልክቱ አይዝለትም። በጣት መሃል እየተሽከረከረ በሚሄድ አጭር ቢላዋ የአበባው ዙሪያ ከቆዳው ውፍረት እስከ ግማሽ ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ጫፉ ዘንበል ያለ ብረት ስንጥቁ ላይ እየተደገፈ በእንጨት መዶሻ ይመታል፤ በስተ ውጭ ያለው ቆዳ ሲረገጥ አበባው ብድግ ይላል። በብረት መዶሻ የሚመታ ጀማሪ የብረቶቹን ራስ ያበላሻል።

ንግዱ አደገ። ታንዲ በ1952 አሜሪካን ሃንዲክራፍትስ የተባለውን የእጅ ሥራ ዕቃ አቅራቢ፣ በ1963 ደግሞ ሬዲዮሻክን ገዛ፤ ስለዚህ አሜሪካውያን ለብዙ ዓመታት የሬዲዮ ሽቦ የገዙበት ሱቅ ባለቤት የቆዳ ነጋዴ ነበር ማለት ነው። የእጅ ሥራው ክፍል በ1975 ታንዲክራፍትስ ተብሎ ተለየ። የቆዳ መደብሩ በ2000 ሌዘር ፋክተሪ ለተባለው ሌላ የአካባቢው ድርጅት ተሸጦ እስከ ዛሬ በፎርት ወርዝ ይሠራል። ዋና መሥሪያ ቤቱን በ1979 ወደ ኢርቪንግ፣ ማለትም ከግራንድ ፕሬሪ ጥግ ወደምትገኘው ከተማ ያዛወረው፣ በዚያን ጊዜ ቦይ ስካውት ይባል የነበረው የአሜሪካ የወጣቶች ድርጅትም የቆዳ ሥራ የሚማር ልጅ የሚያገኘው የክብር ምልክት አለው።

ይህን ታሪክ የኢትዮጵያ አንባቢ በተለየ ዓይን ማንበቡ አይቀርም። በአገር ቤት ስልቻ፣ አቁማዳ፣ ኮርቻና ጅራፍ የሚሠራው ሰው ቆዳ ፋቂ እየተባለ ይናቅ፣ ቡዳ ተብሎም ይፈራ ነበር፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል እንጂ ማንም ደስ ስላለው አይገባበትም። ሸማኔውና ቀጥቃጩም እንደዚያው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። ከዚህ ቀንበር ያመለጡት የሴቶቹ ሥራዎች ናቸው። ጥጥ መፍተልና ስፌት ከገበሬ ሚስት እስከ ወይዘሮ ሁሉም የሚሠሩት፣ ባለሙያ የሚያሰኝ ነበር። ስንደዶና አክርማ እየለቀሙ፣ እያደረቁና ቀለም እየነከሩ በወስፌ ሌማትና ሞሰብ መስፋት በኢትዮጵያ ለትርፍ ጊዜ እጅ ሥራ የቀረበው ልማድ ነው። ፎርት ወርዝ ላይ የባንክ ሠራተኛ ሳያፍር ቅዳሜ ቆዳ ሲቀጠቅጥ የዋለው ግን ሙያው ከዘር ጋር ስላልታሰረ ነው።

1973 ለአካባቢው ልዩ ዓመት ነው። በዳላስ ማይክል ዱፔ የቤተሰቡን የልዩ ልዩ ዕቃ ሱቅ ወደ እጅ ሥራ ዕቃ መደብር ለውጦ ማይክልስ ብሎ ሰየመው። ክር፣ ቀለም፣ ዶቃ፣ የሥዕል ፍሬምና ሰው ሠራሽ አበባ በአንድ ጣሪያ ሥር ተገኘ። በዚያው ዓመት በግራንድ ፕሬሪ፣ በሜይፊልድ መንገድ፣ ትሬደርስ ቪሌጅ የተባለው የቅዳሜና እሁድ ገበያ ተከፈተ። አንዱ ዕቃውን የሚገዙበት፣ ሌላው የተሠራውን የሚሸጡበት ሆነ ማለት ማጋነን ነው፤ ትሬደርስ ቪሌጅ በአብዛኛው የልባሽና የርካሽ ዕቃ ገበያ ነውና። ዳሩ ግን ሱቅ የመክፈት አቅም የሌለው ሰው ለአንድ ቅዳሜ ቦታ ተከራይቶ የእጁን ሥራ ሊያወጣ ቻለ። ጊዜውም የተመቸ ነበር። በ1971 ኒው ዮርክ የሚገኘው የዊትኒ ሙዚየም ኩዊልቶችን እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አሳይቶ ነበር፤ በ1976 አሜሪካ 200ኛ ዓመቷን ስታከብር ደግሞ የአያቶችን ሥራ መማር ፋሽን ሆነ። የዱቄት ከረጢት ልብሱን አፍረው የጣሉ ሰዎች ልጆች ያንኑ ጨርቅ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ በውድ ገዙ።

በትሬደርስ ቪሌጅ ከሁሉ የሚታየው የእጅ ሥራ ግን የቀደምት አሜሪካውያን ነው። መንግሥት በ1950ዎቹ ነባሮቹን ሕዝቦች ከመሬታቸው አንሥቶ ወደ ከተማ ለማስፈር ባወጣው ፕሮግራም ዳላስ ከተቀባዮቹ ከተሞች አንዷ ነበረች። ከኦክላሆማና ከሌሎችም ግዛቶች የመጡት ቤተሰቦች በየመስከረሙ ፓውዋው የተባለውን የጭፈራ ውድድር በዚሁ ገበያ ያካሂዱ ጀመር። ተወዳዳሪው የሚለብሰው ብዙውን ጊዜ በራሱ ወይም በዘመዱ እጅ የተሠራ ነው፤ ከሰናፍጭ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ የብርጭቆ ዶቃ በክር እየተደረደረ በቆዳ ላይ ይሰፋል። የዶቃው ብዙ ክፍል ከቼክ አገር የመጣ ነው፤ የአውሮፓ ነጋዴ ያመጣውን ብርጭቆ ሕዝቡ የራሱ መታወቂያ አደረገው። ሻጩ ደግሞ ልቅ አልተለቀቀም፤ በ1990 የወጣ የፌዴራል ሕግ የነባር ሕዝቦች ሥራ ያልሆነን ዕቃ የእነሱ ነው ብሎ መሸጥ ወንጀል ነው ይላል።

ኢትዮጵያውያን በዳላስና በዙሪያዋ በብዛት መስፈር የጀመሩት በ1980 ከወጣው የስደተኞች ሕግ በኋላ ነው። በየቤቱ ሞሰብ፣ በግድግዳው ላይ ስፌት አለ፤ አብዛኛው ግን በሻንጣ የመጣ እንጂ እዚያ የተሰፋ አይደለም። አንዱ ምክንያት ጊዜ ነው። ሌላው ሣሩ ነው፤ ስንደዶና አክርማ በማይክልስ አይሸጥም። ሆኖም ነገሩ መላ የሌለው አይደለም። በደቡብ ካሮላይና፣ በቻርልስተን አካባቢ፣ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የመጡ ሰዎች ዘሮች ሣሩን እየጠቀለሉና እያዞሩ የሚሰፉት ቅርጫት በአሠራሩ የሞሰብ ዘመድ ነው። የሚጠቀሙበት ሣር የቅርብ ዝርያም በሰሜን ቴክሳስ ለጌጥ ይተከላል፤ በመጸው ሮዝ አበባ አውጥቶ በየመንገዱ ዳር ይታያል። በአገር ቤትም በሣር ፋንታ በቀለም ክርና በፕላስቲክ የሚሰፉ አሉ።

የትርፍ ጊዜ እጅ ሥራ ንግድ ራሱ ዛሬ እየጠበበ ነው። ሃንኮክ የተባለው የጨርቅ መደብር በ2016፣ ጆአን በ2025 በመላ አሜሪካ ሱቆቹን ዘጉ፤ በእጅ ነክቶ ጨርቅ መምረጥ የለመደ ሰፊ አማራጩ አነሰ። ዋና መሥሪያ ቤቱ በኢርቪንግ የሚገኘው ማይክልስ የጆአንን ስም ገዝቶ የጨርቅና የክር መደርደሪያውን አሰፋ። ከግራንድ ፕሬሪ የሚነሣ ጀማሪ ዛሬም ቆዳውን ከፎርት ወርዝ፣ ክሩን ከጎረቤት ማይክልስ ገዝቶ፣ የሠራውን ቅዳሜ ጠዋት በሜይፊልድ መንገድ ዘርግቶ ሊሸጥ ይችላል።